«አክተሩ ይሞታል?»

(አዳማ ላይ ለተሰበሰብን የፊልም ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ሌላ ብዙ የሚሠራ ነገር እያለ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዛሬ መጨረሻውን እናገራለሁ። «ድራማውን ላየው ነው፣ አትንገረኝ» የሚል ካለ አሁን ወጣ ብሎ ቡና ቢጠጣ አልቀየምም።

ልጅ ሆነን እዚህ ከተማ ቪዲዮ ቤት እንገባ ነበር። የብዙዎቻችሁም ትዝታ ነው። የቆርቆሮ ቤት፣ የእንጨት አግዳሚ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ልጅ ከተገኘ ከበን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «አክተሩ ይሞታል?» ማን ማንን ከዳ አንልም። ለምን ተጣሉ አንልም። አክተሩ ከተረፈ ፊልሙ አሪፍ ነው። ከሞተ ገንዘባችን ተበላ።

ዛሬ የማወራላችሁ «ዘ አሜሪካንስ» ስለሚባለው የስለላ ድራማ የመጨረሻ ሲዝን ነው። እዚያ አክተሩ አይሞትም። ሚስቱም አትሞትም። አይታሰሩም። በሰላም ሀገራቸው ይገባሉ። እኔ ግን ሲያልቅ ተነስቼ መብራት ማብራት አቃተኝ። ለምን እንደዚያ እንደሆንኩ ለራሴ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። እዚህ የመጣሁትም እሱን ልነግራችሁ ነው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፊሊፕና ኤልዛቤት ጄኒንግስ ዋሽንግተን አጠገብ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። የጉዞ ወኪል ቢሮ አላቸው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ፔጅ የምትባል ሴት ልጅና ሄንሪ የሚባል ወንድ ልጅ። ደህና ጎረቤቶች ናቸው። ግን ሁለቱም የኬጂቢ ሰላዮች ናቸው። እውነተኛ ስማቸው ሚካኢልና ናዴዥዳ ነው። በወጣትነታቸው መሥሪያ ቤታቸው አጋብቶ፣ አሜሪካዊ ስም አውጥቶ ላካቸው። ልጆቹ አሜሪካ ተወለዱ፣ ምንም ሳያውቁ አደጉ። በመንገዱ ማዶ ደግሞ ስታን ቢማን የሚባል ጎረቤት ገባ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ኤፍቢአይ ውስጥ የሶቪየት ሰላዮችን ማደን። ስታንና ፊሊፕ የልብ ጓደኛ ሆኑ።

ድራማው በኤፍኤክስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ጥር 2013 ጀመረ፣ ግንቦት 30 ቀን 2018 አለቀ። ስድስት ሲዝን፣ 75 ክፍል። የፈጠረው ጆ ዋይስበርግ ነው። ጆኤል ፊልድስ አብሮት መርቶታል። ዋይስበርግ ራሱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲአይኤ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ይህ በድራማው ላይ በደንብ ይታያል። ሰላዮቹ ከሕንፃ ላይ አይዘሉም። መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ሰዓታት ይጠብቃሉ። ዊግ ያደርጋሉ፣ ያወልቃሉ። ቤት ገብተው ሰሃን ያጥባሉ። ሥራ ነው፤ አድካሚ ሥራ።

ታሪኩ ከሰማይ የወረደም አይደለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2010 ኤፍቢአይ በሐሰት ማንነት አሜሪካ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ 10 የሩሲያ ሰላዮችን ያዘ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቪየና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በእስረኛ ልውውጥ ተመለሱ። ከነሱ መካከል አንድሬ ቤዝሩኮቭና ኤሌና ቫቪሎቫ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ቶሮንቶ የተወለዱ። ወላጆቻቸው የተያዙት የትልቁ ልጅ 20ኛ ዓመት የልደት ቀን ላይ ነው። ልጆቹ ምንም አናውቅም ነበር ይላሉ። ወደነዚህ ልጆች እመለሳለሁ። ያዙልኝ።

እሺ፣ የመጨረሻው ሲዝን። አስር ክፍል ብቻ ነው። እዚህ ጋ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ ስለሚያንገበግበኝ ነው። ጣቢያው ድራማው የሚያልቅበትን ቀን ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2016 ላይ ተናገረ። ሁለት ሲዝን ቀርቷል፣ ከዚያ በቃ አለ። ደራሲዎቹም መጨረሻውን ከመጀመሪያዎቹ ሲዝኖች ጀምሮ በልባቸው ይዘውት እንደነበር ተናግረዋል። እኛ ዘንድ ድራማ ሲወደድ ምን ይሆናል? ይራዘማል። የሞተው ሰው መንትያ ወንድም ይመጣለታል። ተመልካቹ እየተሳደበም ቢሆን ያያል፣ ማስታወቂያውም ይገባል። ከዚያ አንድ ቀን ሳይታሰብ ቀጥ ይላል። መጨረሻ የሌለው ታሪክ ያየነውን ሁሉ ወደኋላ ተመልሶ ያበላሸዋል። እዚህ መካከል ለመጻፍ የምታስቡ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ፣ የመጨረሻዋን ትዕይንት ሳታውቁ የመጀመሪያዋን አትጻፉ።

አምስተኛው ሲዝን ይንቀረፈፋል፣ እውነቱን ለመናገር። ብዙ ሰው እዚያ ጋ ያቆማል። አታቁሙ።

ስድስተኛው ሲዝን ሲጀምር ሦስት ዓመት አልፏል። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1987 መኸር ነው። ፊሊፕ ስለላውን ትቷል። የጉዞ ቢሮውን አስፋፍቷል፣ አዲስ መኪና ገዝቷል፣ ካውቦይ ጫማ አድርጎ በሰልፍ የሚጨፈር የአሜሪካ ጭፈራ ይጨፍራል። ቢሮው ግን እየከሰረ ነው። የሄንሪን የአዳሪ ትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል ከብዶታል። ይህን አስቡት። ሰውዬው ካፒታሊዝምን ሊጥል መጥቶ ብድር እያሳደደው ነው።

ኤልዛቤት ደግሞ ብቻዋን ቀርታለች። ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ወድቋል። ሲጋራ በሲጋራ ላይ ታጨሳለች። ፊቷ ገርጥቷል። ኤልዛቤትን የምትሠራዋን ኬሪ ራስልን እዚህ ላይ እዩዋት። አንዲት ሴት በድካም ስትፈርስ በዓይኗ ብቻ ታሳያለች። ይባስ ብላ ልጇን ፔጅን ለዚሁ ሥራ እያሠለጠነቻት ነው። ከአለቃቸው ከክላውዲያ ጋር ሆነው ለልጅቷ የሩሲያ ምግብ ይሠሩላታል፣ የሩሲያ ፊልም ያሳዩዋታል። ልጅቷም ደስ ይላታል፤ እናቷን ያገኘቻት ገና አሁን ነዋ! ግን የነገሯት ግማሹን ነው። እናቷ ሰው እንደምትገድል አታውቅም።

ኤልዛቤት በዚህ ሲዝን ብዙ ሰው ትገድላለች። ሁሉንም አልዘረዝርም። አንዱን ብቻ። ለአሜሪካኖች መረጃ ይሰጡ የነበሩ አንድ ሩሲያዊ ባልና ሚስት አሉ። ቤት ገብታ ሁለቱንም ትገድላለች። ትንሹ ልጃቸው ሌላ ክፍል ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን እያየ ነው። እሷ ልጁን ታየዋለች። ከዚያ ወጥታ ትሄዳለች። ወላጆቹን በስለላ ያጣ ልጅ። ደራሲዎቹ ወደየት እየወሰዱን እንደሆነ እዚህ ጋ ነው የገባኝ።

አሁን ስለ ጊዜው ትንሽ ልበል። እኛንም ይነካናል። በዚህ ሲዝን የታሪኩ ሞተር የጎርባቾቭና የሬገን ንግግር ነው። በእውነተኛው ዓለም ሁለቱ መሪዎች ታኅሣሥ 8 ቀን 1987 ዋሽንግተን ላይ የመካከለኛ ርቀት ኒውክሌር ሚሳኤሎችን የሚያጠፋ ስምምነት ፈርመዋል። በድራማው ውስጥ ደግሞ ኬጂቢ ውስጥ ያለ አንድ ቡድን ጎርባቾቭን ሊጥል ያሴራል። ኤልዛቤት ሳታውቀው የሴራው መሣሪያ ሆናለች። ሌላኛው ወገን ኦሌግ ቡሮቭ የሚባል የቀድሞ ሰላይ ለተማሪነት የመጣ አስመስሎ ይልካል። ዲፕሎማት አይደለም፤ ከተያዘ የሚያድነው የለም። ሞስኮ ሚስትና ሕፃን ልጅ ጥሎ ነው የመጣው። ፊሊፕን አግኝቶ የሚጠይቀው ነገር ከባድ ነው። «ሚስትህን ሰልልልን» ይለዋል።

በዚያው በ1987 እኛ ዘንድ ምን ነበር? አዲስ ዓመት 1980 ሊገባ ሲል ኢሕዲሪ ታወጀ። ትልልቆቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የሌኒን ሐውልት አዲስ አበባ ቆሞ ነበር። እዚሁ ከተማችን፣ ያኔ ናዝሬት እንላት ነበር፣ በሶቪየት እርዳታ የተቋቋመ የትራክተር መገጣጠሚያ ነበር። የስንቶቻችን ወንድሞችና አጎቶች ሞስኮ፣ ኪየቭ፣ ኦዴሳ ተምረዋል! ከዚያ ጎርባቾቭ ለደርግ የሚሰጠውን የጦር መሣሪያ እየቀነሰ መጣ። ግንቦት 1983 ምን እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ኤልዛቤትና ኦሌግ በዋሽንግተን ጎዳና የሚተራመሱበት ጉዳይ ለኔ የፈረንጅ ታሪክ አልሆነብኝም። ሞስኮ ውስጥ ማን ያሸንፋል የሚለው ጥያቄ እኛ ሠፈር ድረስ የሚደርስ ነበር።

ወደ ኤልዛቤት ልመለስ። አንድ ሌላ ሥራ አላት። አሜሪካዊ ተደራዳሪ የሆነ ሰው ሚስት በጠና ታማለች። ኤሪካ ትባላለች፤ ሠዓሊ ነች። ኤልዛቤት አስታማሚ ነርስ መስላ ቤቱ ገብታለች። ኤሪካ ግን ቁጡ ናት። በሥቃይዋ መካከል ይህቺን «ነርስ» ተቀምጠሽ ሣዪ ትላታለች። ኤልዛቤት እርሳስ መያዝ አትችልበትም። «ጊዜ የለኝም፣ ይህ ለኔ አይሆንም» የሚል ፊት ታሳያለች። ግን ትሞክራለች። ሰውን ለመረጃ ብቻ ስታይ የኖረች ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን ለማየት ብላ ታያለች። ኤሪካ ከሞተች በኋላ ባሏ ከሥዕሎቹ አንዱን ይሰጣታል። የሴት ፊት ነው። ይዛው ትወጣለች። ከዚያ ታቃጥለዋለች። ሌላ ምን ታድርግ? ሰላይ ግድግዳ ላይ የራሱ የሆነ ነገር አይሰቅልም። እኔ ከሞቶቹ ሁሉ ይልቅ የዚያ ሥዕል መቃጠል ነው የቆረቆረኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ኤልዛቤት ዕድሜዋን ሙሉ ያመነችበት መሥሪያ ቤት እንደዋሻት ትደርስበታለች። ግደይ የተባለችውን የሶቪየት ተደራዳሪ አትገድልም። ልትገድለው የመጣችውን የራሷን ወገን ሰላይ ትገድላለች። ከክላውዲያ ጋር ተፋጥጠው የሚለያዩበት ትዕይንት አለ። ጩኸት የለውም። ሁለት የደከሙ ሴቶች ናቸው። ክላውዲያን የምትሠራዋ ማርጎ ማርቲንዴል እዚያ ላይ ድንቅ ናት።

አሁን የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ገባን።

ኤፍቢአይ ደርሶባቸዋል። ከዚያ በፊት ባለው ክፍል መጨረሻ ላይ ፊሊፕ ለሚስቱ ስልክ ደውሎ የምስጢር ቃላቸውን ነግሯታል። እሷም ለዚህ ቀን የተዘጋጀውን ሻንጣ ይዛ ወጥታለች። የስንት ዓመት ቤታቸው ነው! ምጣዱ፣ ድስቱ፣ የልጆቹ ፎቶ፣ ሁሉም እንዳለ ይቀራል። መኪና ውስጥ ሲገናኙ ፊሊፕ ስለ ሄንሪ ያነሳል። ሄንሪ ይቅር ይላል። ትምህርቱን ይወዳል፣ ሕይወቱ እዚህ ነው። ኤልዛቤት ሐሳቡን መስማት እንኳ ያቅታታል። ግን ትክክል እንደሆነ ታውቃለች። ልጅ ለማዳን ልጅን መተው። ከዚያ ፔጅን ሊወስዱ ቤቷ ይሄዳሉ።

ከሕንፃው ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ስታን ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ሽጉጡን ይዟል።

ይህን ትዕይንት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። አስር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አራት ሰው፣ አንድ ሽጉጥ፣ ሲሚንቶ ግድግዳ። ሙዚቃ የለም። መጀመሪያ ይዋሻሉ፤ ልማድ ነው። ፊሊፕ ቀስ ብሎ ይተወዋል። «ሥራችን ነበር» ይላል። ስታን ጓደኛዬ ነበርክ ይለዋል፤ ሕይወቴን ቀለድክባት ይለዋል። ፊሊፕም አንተ በዚህ በማይረባ ሕይወቴ ያገኘሁህ ብቸኛ ጓደኛዬ ነህ ይለዋል። ይህ ውሸት ነው? ማታለያ ነው? ሁለቱም ነው። የሚያምረውም እዚያ ላይ ነው። ፊሊፕ እውነቱን የሚናገረው ለማምለጥ ነው፤ ቢሆንም እውነት ነው። ስታንም ይህን ያውቃል።

ፊሊፕን የሠራው ማቲው ሪስ በዚህ ሲዝን የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። የዚህን ክፍል ጽሑፍ የጻፉት ዋይስበርግና ፊልድስም አግኝተዋል። ድራማው በቀጣዩ ጥር የጎልደን ግሎብ ምርጥ ድራማ ተባለ። ኖዋ ኤመሪክ ግን፣ ስታንን የሠራው ተዋናይ፣ ምንም ሳያገኝ ቀረ። ለኔ የዚያች ሌሊት ጌታ እሱ ነው። አንድ ቃል ሳይናገር ፊቱ ላይ ስድስት ዓመት ሲፈርስ ታያላችሁ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ትዕይንት ማንም ዊግ አላደረገም። ስድስት ሲዝን ሙሉ በሐሰት ፀጉር፣ በሐሰት መነጽር፣ በሐሰት ስም ሰው ሲያታልሉ አይተናቸዋል። ለስታን ግን በራሳቸው ፊት ቆሙ። ፊሊፕ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ይነግረዋል። ሚስትህ ሬኔ ምናልባት ከኛ አንዷ ልትሆን ትችላለች፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም ይለዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ጭካኔ ነው ይላል። እኔ የጓደኛ ውለታ ነው እላለሁ። ከባድ ውለታ። ድራማው ደግሞ መልሱን አይነግረንም። ስታን በዚያ ጥርጣሬ አብሯት ይኖራል።

ስታን መንገዱን ይለቃል። መኪናው ይሄዳል።

ጥይት አልተተኮሰም። ብዙ ተመልካች «ታዲያ ቅጣቱ የታለ?» ብሎ ጠይቋል። ያን ያህል ሰው ገድለው በነፃ ሄዱ? የቪዲዮ ቤቱ ልጅ ጥያቄ ነው፣ ተገልብጦ። ቆዩ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ለሄንሪ ይደውላሉ። መንገድ ዳር ካለ የሕዝብ ስልክ። ሄንሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር እየተጫወተ ነው፤ ስልኩን ቶሎ ዘግቶ መመለስ ይፈልጋል። አባቱ እንደምወድህ እወቅ ይለዋል፤ እኮራብሃለሁ ይለዋል። ሄንሪ «አባዬ ምን ነካው?» የሚል ድምፅ አለው። እናቱም እወድሃለሁ ትለዋለች። ፔጅ መናገር አቅቷት ትቆማለች። ስልኩ ይዘጋል። ልጁ አሁን የሰማው ስንብት እንደሆነ አያውቅም። እኔ አባት ነኝ። እዚህ ላይ አቁሜ ውጭ ወጥቼ ነበር።

ከዚያ ባቡሩ ይመጣል።

ወደ ካናዳ ድንበር የሚሄድ ባቡር ነው። ሦስቱም ሌላ ሰው መስለው፣ በሐሰት ፓስፖርት፣ ለየብቻ ተቀምጠዋል። የማይተዋወቁ መንገደኞች። ድንበር ላይ ባቡሩ ይቆማል። ፖሊሶች ፓስፖርት እያዩ ያልፋሉ። የኤልዛቤት ፓስፖርት ይታያል፣ ያልፋል። የፊሊፕም ያልፋል። እፎይ አልን። ባቡሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። የዩ ቱ ባንድ ዘፈን ይሰማል፤ በዚያው በ1987 የወጣ። ኤልዛቤት በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

ፔጅ ከባቡሩ ወርዳ መድረኩ ላይ ቆማለች።

ልጅቷ ምንም አትናገርም። እጇን አታወዛውዝም። እናቷን ታያታለች፣ በቃ። ባቡሩ ይሄዳል።

ኤልዛቤት ምን ማድረግ ትችላለች? መጮህ አትችልም። የልጇን ስም መጥራት አትችልም። አሁን እሷ ልጅ የሌላት አንዲት መንገደኛ ናት፤ ፓስፖርቷ እንደዚያ ይላል። ለሃያ ምናምን ዓመት ሕይወቷን ያተረፈላት ዊግ፣ ያ ዊግ ነው አሁን አፏን የያዘው። ልጇን እንዳትጠራ ያደረጋት የገዛ ሙያዋ ነው። ቅጣቱ የታለ ላላችሁኝ፣ ይኸው። ዳኛ የለም፣ እስር ቤት የለም። እናት የልጇን ስም ውጣ ትሄዳለች። ፊሊፕ ከወንበሩ ተነስቶ መጥቶ አጠገቧ ይቀመጣል። ሁለቱም ዝም።

እኔ እዚህ ከተማ የባቡር ልጅ ነኝ። ያደግሁት ከአሮጌው ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ታላቅ ወንድሜ ለሥራ ድሬዳዋ ሲሄድ እናቴ ጣቢያው ድረስ ሸኘችው። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እየሮጠች ስሙን ጠራችው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ልጅ ስም ይጠሩ ነበር። የባቡር ስንብት ለኔ ጩኸት ነው። ስም ነው። ዛሬ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሏል፤ የድሮው ጣቢያ ጩኸት ግን ጆሮዬ ውስጥ አለ። የኤልዛቤት ዝምታ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ በእናቴ ጩኸት ነው።

ፔጅ ለምን ወረደች? ድራማው አይነግረንም። እኔ የምለው አለኝ። ልጅቷ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ነገር ራሷ መርጣ አታውቅም። ስሟን እንኳ የመረጡላት ለሽፋን ሥራቸው እንዲመች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ውሳኔ ወሰነች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም። በኋላ የምናያት ክላውዲያ ጥላው በሄደችው ባዶ ቤት ተቀምጣ ቮድካ ስትቀዳ ነው። ምናልባት ትያዛለች። ምናልባት ሄንሪን ታገኘዋለች። ብቻ ቤቴ ያለችው እዚያ ነው፤ ወላጆቿ ቤታችን የሚሉት ሀገር ለሷ በምግብና በፊልም የምታውቀው ቦታ ነው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ልጆች ትዝ አሏችሁ? የእነ ቤዝሩኮቭ ልጆች። ወላጆቻቸው ከተመለሱ በኋላ ካናዳ ዜግነታቸውን ነጠቀቻቸው። የሰላይ ልጆች ናችሁ ተባሉ። ታናሽየው ግን አልተቀበለም። ቶሮንቶ ነው የተወለድኩት፣ ካናዳዊ ነኝ ብሎ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተተ። ድራማው ካለቀ ከዓመት ተኩል በኋላ፣ ታኅሣሥ 2019፣ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። ይህን ዜና ሳነብ ፔጅ ናት ፊቴ የመጣችው። በዚያ ብርድ፣ ያ መድረክ ላይ የቆመችው።

የኦሌግን ነገር ሳልናገር ማለፍ የለብኝም። ተይዟል። እስር ቤት ነው። ሀገሩን ሊያድን መጥቶ ሀገሩ ልታድነው አልቻለችም። ሞስኮ ውስጥ አባቱ ይህን ሲሰማ እናያለን። ሚስቱ ሕፃኑን ይዛ ትጠብቃለች። ከሁሉም ንጹሑ ሰው እሱ ነበር፤ ከሁሉም ከባዱን ዋጋ የከፈለውም እሱ ነው። ደራሲዎቹ ለዚህ ይቅርታ አይጠይቁም። ትክክል ናቸው።

የመጨረሻው ትዕይንት ሌሊት ነው። ፊሊፕና ኤልዛቤት በመኪና ሞስኮ ሊገቡ ነው። ከተማው ከሩቅ ይታያል፣ መብራቱ። ወርደው ድልድይ አጠገብ ይቆማሉ። ስለ ልጆቹ ያወራሉ። ያስታውሱናል ይላሉ። ትልልቅ ሆነዋል፣ እኛ ነን ያሳደግናቸው ይላሉ። ፊሊፕ አሁንም የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። ግራ ያጋባል ይላል፤ እንግዳ ነገር ሆነብኝ ይላል። ኤልዛቤት በሩሲያኛ ትመልስለታለች። «እንለምደዋለን» ትላለች። ስድስት ሲዝን በዚያች ቃል ያልቃል።

ይህን ክፍል ያየሁት ከአጎቴ ጋር ነው። ጋሼ ነው የምለው። በወጣትነቱ ኦዴሳ ተልኮ ተምሯል። ድራማውን ሲያይ የሚያስቀው የተዋናዮቹ ሩሲያኛ ነበር፤ ይሄኛው አልተሳካለትም፣ ይቺኛዋ ጎበዝ ናት እያለ ያርማል። የመጨረሻዋን ቃል ሲሰማ ግን ዝም አለ። በሩሲያኛ ለራሱ ደገማት።

ቆይቼ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ኦዴሳ ስትደርስ አንተም እንደዚህ ብለህ ነበር?» አልኩት። ብርዱን፣ ቋንቋውን፣ ባይተዋርነቱን አስቤ ነው የጠየቅሁት።

ራሱን ነቀነቀ። «እዚያማ ልጅ ነበርኩ፣ ሁሉም ነገር አዲስ፣ ሁሉም ደስ የሚል» አለኝ። «እንዲህ ያልኩት ስመለስ ነው። መንግሥት ተለውጦ፣ የማውቀው ሰው ተበትኖ፣ እናቴ አርጅታ ቆየችኝ። የገዛ ቤታችን በር ላይ ቆሜ ነው ያልኩት።»

ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። «እስቲ ያቺን ብቻ መልስልኝ» አለ።

መለስኩለት።